ጋሼ ደምሴ ያልሄዱበት የሐረና ጉዞ

የጋሼ ደምሴ የሕይወት ታሪክ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሲነበብ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። አንባቢው አንዲት ወረቀት ይዘዋል። ጎባ ተወለዱ፤ በኬንያ በኩል ተሰደዱ፤ ሜልበርን ገቡ፤ ዌሪቢ በሚገኝ የአትክልት ማሸጊያ ለብዙ ዓመታት ሠርተው ጡረታ ወጡ፤ የቤተ ክርስቲያን ቅን አገልጋይ ነበሩ፤ ባደረባቸው የልብ ሕመም ዐረፉ። አለቀ። ቀጥሎ መኪናዎች የት መቆም እንደሌለባቸው ተነገረ።

እኔ ታላቅ ሰው መሞገት አልወድም። አስተዳደጌም አይፈቅድልኝም። ግን አላስቻለኝም። አንባቢው ከመድረክ እስኪወርዱ ጠብቄ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ስለ ወፎቹ ለምን አልተጻፈም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የምን ወፎች?» አሉኝ።

ክፉ ሰው አይደሉም። በእውነት አያውቁም። ከሃያ ዓመት በላይ አብረዋቸው ያስቀደሱ ሰዎች የጋሼ ደምሴን ሕይወት አበባ ጎመን በሳጥን ከመደርደር ጋር ደምረው ቀበሩት። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ስናደድ አሳምሬ መጻፍ እንደማልችል አውቃለሁ፤ ቢሆንም የሆነውን እንደሆነው ለማስቀመጥ እሞክራለሁ፤ የራሴንም ጥፋት ጭምር።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ባለፈው ሐምሌ ነው። የአካባቢ ሳይንስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ታርኔት በሚባል ሰፈር ከአክስቴ ከአስቴር ጋር እኖራለሁ። ትምህርት በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቦታ መርጠን በየሳምንቱ ወፎችን እየመዘገብን እንድናመጣ ታዘዝን። ለእኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ወፍ ማለት እርግብ፣ ቁራና አሞራ ነበር። አሳይንመንቱን ይዤ ቤት ስገባ ፊቴን ያየችው አክስቴ፣ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ጋሼ ደምሴን ጠይቂያቸዋ! ቅዳሴ መሀል ድንቢጥ ጣሪያ ውስጥ ከገባች እኮ እሳቸው ከቄሱ ይልቅ እሷን ነው የሚከተሉት» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ዌሪቢ ባቡር ጣቢያ ተገናኘን። እኔ በስፖርት ጫማና በሹራብ ነበርኩ። ጋሼ ደምሴ የተተኮሰ ኮት ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ባይኖኩላር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቆመዋል። ሠርግ የሚሄዱ ነው የሚመስሉት። አለባበሳቸውን ሳይ ሳላውቀው ፈገግ አልኩ መሰለኝ።

«ወፍ ፊት ተዝረክርኮ አይቀረብም» አሉኝ።

ከከተማው ዳር ወዳሉት ሰፋፊ ኩሬዎች ወሰዱኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ቆሎ ነበረኝ፤ ላውጣው ስል እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ቆሎ አይፈቀድም። ይሰማሉ።» ከኪሳቸው ሁለት ሙዝ አውጥተው አንዱን ሰጡኝ። ሙዝ ሲበላ ድምፅ የለውም። ከዚያ ቀን በኋላ ሁልጊዜ ሙዝ ነው የያዝነው።

ከጋሼ ደምሴ ሥራ መጀመሪያ ያስገረመኝ ጣታቸውን አለመቀሰራቸው ነው። ወፍ ሲያዩ «ያቻትልሽ» አይሉም። ከኋላዬ መጥተው ሁለቱን ትከሻዎቼን በመዳፎቻቸው ይዘው ቀስ አድርገው፣ ልክ እንደ አንቴና፣ ወፏ ወዳለችበት ያዞሩኛል። ከዚያ ይለቁኛል። «ጣት የሚቀሰረው በሌባ ላይ ነው» ይሉ ነበር። ሰዓትም አያዩም። የሚጠብቁትን ጊዜ የሚለኩት በጸሎት ነው። «ሁለት አባታችን ሆይ ያህል ቁጭ እንበል» ይሉና ከንፈራቸው በቀስታ ይንቀሳቀሳል። ሲጨርሱ ወፏ ካልመጣች «ሦስተኛ እንጨምር» ይላሉ። ሲጣደፉ አይቼ አላውቅም።

እንዲህ ዓይነቱን አጠባበቅ የት እንደተማሩ የነገሩኝ በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ወጣት ሳሉ በባሌ ተራሮች የፓርክ ጠባቂ ነበሩ። ከዚያ ወፍ ሊያጠኑና ሊያዩ የሚመጡ የውጭ ሰዎችን መምራት ጀመሩ። ከጎባ ተነስተው፣ ዛፍ የማይበቅልበትን የሳነቴን ሜዳ በፈረስ ያቋርጡና በደቡብ በኩል ወደ ሐረና ደን ይወርዳሉ። ሐረና ጉም የማይለየው ደን ነው። ኮሶውም ዝግባውም ከላይ እስከ ታች የዛፍ ሽበት አብቅሎ፣ ዝናብ ሳይዘንብ ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥባል። አሥር እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው አይታይም። ጋሼ ደምሴ እዚያ ውስጥ ሰው ይመሩ የነበረው በጆሯቸው ነው።

«አንድ ፈረንጅ ነበረ» አሉኝ፤ «ትልቅ ሊቅ ነው። አንዲት ግራጫ ወፍ አለች፤ ከእኛ አገር በቀር የትም የለችም። እሷን ለማየት ሦስት ቀን ተመላለሰ፤ ጉሙ አላሳይ አለው። በአራተኛው ቀን "ዓይንህን ጨፍን" አልኩት። "የመጣሁት ለማየት ነው እንጂ ለመተኛት ነው ወይ!" ብሎ ጮኸብኝ። ጠበቅኩት። ሲደክመው ጨፈነ። ወዲያው ባልየው ከቀርከሃው ውስጥ ዜማውን አወረደ፤ ሚስቲቱ ከማዶ ተቀበለችው። ልክ እንደ ግራና ቀኝ መዘምራን። እኔ "ተቀባበሉ" ነው የምላቸው፤ ስማቸውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰውየው ዓይኑን ሳይገልጥ አለቀሰ። ዓይን ይቸኩላል ልጄ፤ ጆሮ ግን ይደርሳል።»

«ይናፍቅዎታል አይደል?» አልኳቸው።

«ኧረ ምን ይናፍቃል፣ ጉምና ጭቃ!» አሉ። ከዚያ ባቡር ጣቢያ እስክንደርስ ድረስ ስለዚያ ጉምና ጭቃ ሲያወሩ መጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ኋላ ለሚመጣው ይጠቅማል። ባቡሩን ስንጠብቅ ከቴርሞሴ ሻይ ቀድቼ ሰጠኋቸው። «ኧረ ተይ፣ ጠጥቼ ነው የወጣሁት» አሉ። «በሞቴ ጋሼ» አልኩ። «እንዳትቸገሪ፣ ላንቺው አይበቃም።» «ኧረ ይበቃል፣ እባክዎ!» «እንግዲህ ካልሽ…» ብለው ተቀበሉኝና ሁለት ኩባያ ጠጡ። በየቅዳሜው እንዲሁ ነበር። አንድም ቀን በመጀመሪያው ጥያቄ የተቀበሉኝ ነገር የለም። ይህን ደንብ የማያውቅ ያገራችን ሰው የለም። እኔም አውቃለሁ። እናቴ ነች ያስተማረችኝ።

በመስከረም መጨረሻ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ አንድ አስጎብኚ ንግግር አደረገ። ስሙ ግራንት ነው። ሰዎችን ይዞ በየአገሩ ወፍ የሚያሳይ ትንሽ ድርጅት አለው። በጥር ወር ስምንት ደንበኞች ይዞ ኢትዮጵያ፣ ጉም የለበሱ የተራራ ደኖች ውስጥ ሊገባ እንደሆነ ተናገረ። ስክሪኑ ላይ «ሐረና» የሚል ሳይ ልቤ ዘለለ። ንግግሩ እንዳለቀ ሮጬ ሄጄ፣ «እዚያ ደን ውስጥ ለዓመታት ሰው የመሩ ሰው አውቃለሁ፤ እዚሁ ኮሊንግዉድ ነው የሚኖሩት» አልኩት። ግራንት ደስ አለው። እኔም እሱን ደስ በማሰኘቴ ደስ አለኝ። ሰውን ደስ ማሰኘት እወዳለሁ፤ ይህ ጸባዬ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ጋሼ ደምሴ የሚኖሩት ኮሊንግዉድ ካሉት ረጃጅም የመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ ነበር። ግራንትን ሦስት ጊዜ ወሰድኩት። እንግሊዝኛቸው የሥራ እንግሊዝኛ ነው፤ ሳጥን፣ ፓሌትና ሺፍት ላይ ችግር የለባቸውም። ስለ ደኑ ሲያወሩ ግን ቃል እንዳይጎድልባቸው በአማርኛ ነው የሚሉት፤ እኔ እተረጉማለሁ። የግድግዳ ካላንደር ገልብጠው ጀርባው ላይ ካርታ ሣሉለት። ከሪራ መንደር ወርዶ ያለው ጅረት የት እንደሚታጠፍ፣ የወደቀው ትልቅ ዝግባ የት እንዳለ፣ ሶሪት የምትባለው ወፍ በየትኛው ሾላ ላይ እንደምትመገብ፣ ተቀባበሉ በየትኛው ቀርከሃ ውስጥ እንደሚዘምሩ፣ ጉሙ ከየት በኩል መገለጥ እንደሚጀምር ነገሩት። ግራንት ይጽፋል፤ ፎቶ ያነሳል። ጋሼ ደምሴ በእነዚያ ሦስት ቀናት በአሥር ዓመት ወጣት ሆኑብኝ።

በሦስተኛው ቀን ግራንት ካርታውን ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና፣ «አንድ የመሪ ቦታ አለኝ። ከእኛ ጋር ይመጣል ወይ? ጠይቂልኝ» አለኝ።

ጠየቅኳቸው። ፊታቸው በራ። ወዲያው ግን አቀረቀሩ።

«ኧረ ተዉኝ እባካችሁ! እኔ ሽማግሌው ምን እሠራላችኋለሁ? ወጣት ውሰዱ፣ ወጣት!» አሉ እየሳቁ።

እኔ ስተረጉም አልጨምርም፣ አልቀንስምም። በዚህ እኮራ ነበር። «አይሆንም ይላሉ፤ አርጅቻለሁ፣ ወጣት ሰው ውሰዱ ነው የሚሉት» አልኩት። ከቃላቸው አንድም አላጎደልኩም። በሕይወቴ እንደዚያ የተሳሳተ ነገር ተናግሬ ግን አላውቅም።

ግራንት «ያሳዝናል፤ ግን ይገባኛል» አለ። ዓይኑን ከእሳቸው አንስቶ ወደ እኔ ለማዞር ሁለት ሰከንድ አልፈጀበትም። «አንቺስ? ጥር ላይ አገሬ እሄዳለሁ አላልሽኝም? አስተርጓሚ ያስፈልገኛል።»

«እሺ» አልኩ።

አንዴም አላቅማማሁም። ሰው ቤት ተቀምጬ፣ ባለቤቱ ፊት፣ የእሳቸውን ቦታ በአንድ ቃል ወሰድኩት።

ጋሼ ደምሴ፣ «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ። ሊፍቱ ድረስ ሸኙን። እኛ ከገባን በኋላ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው ቆሙ። በሩ ሊዘጋ ይመጣል፣ እጃቸውን ነክቶ ይመለሳል። ደግሞ ይመጣል፣ ይመለሳል። «ጭቃው… ለጭቃው ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል» አሉ። ግራንት አውራ ጣቱን አሳያቸው። እኔ መሰናበታቸው መስሎኝ እጄን አውለበለብኩ። አሁን ሳስበው እዚያ ቆመው ይጠብቁ የነበረው እኔን ነው።

ማታ እራት ላይ ለአክስቴ በደስታ አወራኋት።

«እሳቸውስ?» አለች።

«እምቢ አሉ።»

«እንዴት አድርገው ነው እምቢ ያሉት?»

ያሉትን ነገርኳት። አክስቴ ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«አንቺ ልጅ፣ አበድሽ? ሰው አንዴ ጠገብኩ ሲልሽ ሳህኑን ታነሺበታለሽ?»

«አክስቴ፣ እኔ እኮ ያሉትን ነው የተረጎምኩት…»

«ያሉትን! ባለፈው ሳምንት ልብ ሐኪም ዘንድ የሄዱት ለምን ይመስልሻል? ተራራ መውጣት እችላለሁ ወይ ብለው ሊጠይቁ ነው። እኔ ነኝ በመኪና ያደረስኳቸው! ፓስፖርታቸውንስ ያሳደሱት ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ነው?»

በማግሥቱ ከባቡር ውስጥ ለግራንት ደወልኩ። ነገሩን በትክክል አስረዳሁት፤ በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ ጨዋነት እንጂ መልስ እንዳልሆነ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ደግሞ ቢጠይቃቸው እንደሚመጡ። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ሆቴሉ ቡክ መደረጉን፣ ኢንሹራንሱ በዕድሜ ጉዳይ አስቸጋሪ መሆኑን ነገረኝና፣ «በዚያ ላይ ሰውየው እምቢ ብሏል። እኔ የሰውን እምቢታ አከብራለሁ» አለኝ።

የሰውን እምቢታ ማክበር ትልቅ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲ በገባን በመጀመሪያው ሳምንት አስተምረውናል፤ ፈርመንበታልም። ግን ግራንት እምቢታቸውን አከበረ እንጂ ካርታቸውን አልመለሰም። ቦታቸውን፣ ዛፋቸውን፣ ጅረታቸውን፣ ለወፎቹ ያወጡትን ስም ሲቀበል አንድም ጊዜ «ይህን ልውሰድ ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። አክብሮቱ የመጣው እሳቸውን መውሰድ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ኮሊንግዉድ ሄጄ ጋሼ ደምሴን ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«ማን ነገረሽ መሄድ ፈልጌ ነበር ብሎ?» አሉኝ። «እኔ እኮ በአፌ እምቢ ብያለሁ።»

«ጋሼ፣ ደግሜ ልጠይቅዎት ይገባኝ ነበር።»

«ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል! ይልቅ ሂጂና እይልኝ። አንድ ነገር ብቻ አደራ። የአሁን ሰዎች የወፍ ድምፅ ቀድተው በስፒከር ያጫውታሉ አሉ። ወፏ ባላጋራ አገሯ የገባባት ይመስላትና ጎጆዋን ጥላ ትወጣለች። እንቁላል ካላት ይበርድባታል። ተቀባበሉን በማሽን እንዳይጠሯቸው። ተቀምጠው ይጠብቁ።»

«እሺ ጋሼ» አልኳቸው።

ከጉዞው በፊት የታተመው ብሮሹር ደረሰኝ። ሽፋኑ ላይ ግራንት ባይኖኩላር ይዞ ይስቃል። ከፎቶው ሥር፣ በትልልቅ ፊደል፣ በእንግሊዝኛ፣ «ዓይን ይቸኩላል፤ ጆሮ ይደርሳል» ይላል። እኔ ነኝ የተረጎምኩለት። ውስጡ ደግሞ «መሪያችን ለዓመታት ፈልጎ ያገኛቸው ምስጢራዊ ቦታዎች» ተብሏል። ገጾቹን ሦስት ጊዜ አገላብጬ የጋሼ ደምሴን ስም ፈለግኩ። የለም።

ጥር ላይ ሳነቴን በመኪና ተሻግረን ወደ ሐረና ወረድን። ጉሙ መንገዱ ላይ ተቀበለን። መስኮቱን ከፍቼ እጄን ባወጣ ረጠበ። ዛፎቹ ልክ እንደነገሩኝ ነበሩ፤ ሽበታም፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ የሚያንጠባጥቡ። ሪራ ላይ ኦቦ ቃሲም የሚባሉ አዛውንት ከአካባቢው ጠባቂ ሆነው ተቀላቀሉን። በእግር ገባን። ካርታው «ጅረቱ ይታጠፋል» ባለበት ቦታ ጅረቱ ታጠፈ። የወደቀው ዝግባ ወድቆ ነበር፤ ላዩ ላይ አዲስ ዛፍ በቅሎበታል። ሾላው ላይ ሶሪት ነበረች፤ ስትቀመጥ አረንጓዴ ነች፣ ስትበር ክንፏ ውስጥ እንደ ደም የቀላ ነገር ብልጭ ይላል። ደንበኞቹ በደስታ እየተንሾካሾኩ የግራንትን ትከሻ ይመቱታል። «እንዴት አድርገህ ነው ያገኘኸው?» ይሉታል። እሱም ይስቃል። ውሸት አልተናገረም። ዝም ነው ያለው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቀርከሃው ዘንድ ደረስን። ጉሙ ዘጋን። ተቀመጥን። እኔ በልቤ አባታችን ሆይ መቁጠር ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ሳለሁ ግራንት ከኪሱ ስፒከር አወጣ።

«ግራንት፣ ጋሼ ደምሴ በማሽን አትጥሯቸው ብለዋል» አልኩት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አንድ ደቂቃ ብቻ» አለኝ ፈገግ ብሎ።

አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ደንበኛ፣ «ደምሴ ማነው?» አለች።

«ሜልበርን ያለ ወዳጃችን ነው» አለ ግራንት። ቁልፉን ተጫነ።

ዜማው ከእጁ ውስጥ ወጣ። ወዲያው ግራጫዋ ወፍ ከቀርከሃው ተወርውራ ወጣች። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለለች፣ አንገቷን እያዞረች ባላጋራዋን ትፈልጋለች። ካሜራዎቹ ተንጫጩ። ከማዶ የመለሰላት የለም። ተቀባበሉ አልተቀባበሉም። ሰዎቹ ግን ስላዩ ረክተው፣ ስልካቸው ላይ ባለው የወፍ ዝርዝር ምልክት አደረጉና ተነሱ። ተነስቼ ያንን ስፒከር ከእጁ መንጠቅ ነበረብኝ። አልነጠቅኩም። ዣንጥላ አጣጥፌ ለአንዷ ሴትዮ ሰጠኋት።

ስንመለስ ኦቦ ቃሲም ከኋላ ቀርተው ከእኔ ጋር ተራመዱ።

«ደምሴ ሲሉ ሰማሁ ልበል?» አሉኝ። «በሕይወት አለ?»

«አሉ። አውስትራሊያ ነው ያሉት።»

«ታዲያ ለምን አልመጣም? ይህን መንገድ የነገራችሁ እሱ ነው፤ ሌላ የሚያውቀው የለም።»

«ተጠይቀው እምቢ አሉ።»

ኦቦ ቃሲም ቆሙ። በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ስንት ጊዜ ጠየቃችሁት?»

«አንዴ።»

«አንዴ» አሉ። ከጉሙ ውስጥ ወደሚሰማው የደንበኞቹ ሳቅ አዩ። «በቅሎ እንኳ ወንዝ ዳር አንዴ እምቢ ብትል ዞር አድርገው መልሰው ያመጧታል።»

ከዚያ ጥለውኝ ቀድመው ሄዱ። ትክክል ነበሩ።

የካቲት ላይ ሜልበርን ተመለስኩ። ጋሼ ደምሴ ዘንድ ለመሄድ ድፍረት እስካገኝ ሁለት ሳምንት አለፈ። ስሄድ ከስተው፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስለ ሰዎቹም ስለ ግራንትም አልጠየቁኝም።

«ጉሙ ስንት ሰዓት ላይ ተገለጠ?»

«ወደ አራት ሰዓት ገደማ።»

«ዘግይቷል። ዝግባው?»

«እዚያው ነው። ዛፍ በቅሎበታል።»

«ጎሽ!» አሉ። ወደ እኔ ዞረው፣ «ማሽን አወጣ?»

ልዋሽ አስቤ ነበር። «አወጣ» አልኩ።

«አንቺስ?»

«ተናገርኩ። ግን በቀስታ ነው የተናገርኩት።»

«በቀስታ መናገር ጥሩ ነው፤ ወፍ አያስበረግግም» አሉኝ። እኔን ሊያጽናኑ ነው። አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጉጉቱን አሳያችሁ?» አሉኝ።

«የምን ጉጉት?»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «አለ አንድ ጉጉት። ትልቅ። ዘሩ ከአንድ ዛፍ አይጠፋም፤ አባቱም እዚያ ነበር፣ ልጁም እዚያ ይኖራል። ለሰውየው አልነገርኩትም። ሄጄ በእጄ ትከሻቸውን አዙሬ አሳያቸዋለሁ ብዬ ነው ያስቀረሁት።»

መሄድ ፈልገው እንደነበር ከአፋቸው የወጣው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዛፉ የት እንዳለ፣ ከየትኛው ድንጋይ ዞሮ እንደሚደረስ፣ የት ቆሞ ቀና እንደሚባል ነገሩኝ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «እንግዲህ አንቺ ያዢው» አሉ። ከአንድ ወር በኋላ ዐረፉ።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ ከግራንት ኢሜይል መጣ። በሚቀጥለው ጥር የሚሄዱት ደንበኞች ጉጉት ማየት ይፈልጋሉ፤ «ደምሴን ጠይቂልኝ» ይላል። ማረፋቸውን ጻፍኩለት። በማግሥቱ መለሰ። ሁለት መስመር ሐዘኑን ገለጸ፤ በሦስተኛው መስመር፣ «ምናልባት ላንቺ ነግሮሽ ይሆን?» አለ። አልመለስኩም። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ጻፈ። ቦታውን ከነገርኩት ጉዞውን በስማቸው እንደሚሰይመው፣ ፎቶአቸውን ብሮሹሩ ላይ እንደሚያወጣው፣ እኔንም እንደገና እንደሚወስደኝ።

ዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ውስጥ ቁጭ ብዬ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ስማቸው ታትሞ፣ «የምን ወፎች?» ያሉኝ አንባቢ ሲያዩት ታየኝ። «እሺ» ብዬ ጻፍኩ። እኔ እሺ ማለት አይከብደኝም። ከዚያ ያቺ ወፍ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ስትንከራተት ትዝ አለችኝ፤ ጉጉቱ ዛፍ ሥር ስምንት ሰው ቆሞ፣ ስፒከር ከኪስ ሲወጣ ታየኝ። አጠፋሁትና እንዲህ ስል ጻፍኩ፦

«ግራንት፣ ጉጉቱ የት እንዳለ ነግረውኛል። አልነግርህም። ጉጉቱን ሦስት ጊዜ ጠየቅከኝ። እሳቸውን የጠየቅካቸው አንዴ ነው፤ እኔም ያን አንዴ አበላሽቼ ነው የተረጎምኩልህ። በእኔ ድርሻ ዕድሜ ልኬን አፍራለሁ። አንተ ያንተን አስብበት። ስማቸውን ማውጣት ከፈለግክ ግን ጉጉት አያስፈልግህም፤ ካርታቸው ቦርሳህ ውስጥ ነው።»

ላክሁት። መልስ አልሰጠኝም።

አዲሱ ብሮሹር ትናንት ወጣ። የጅረቱ መታጠፊያ አለበት፣ የወደቀው ዝግባ አለበት፣ ሾላውም ቀርከሃውም አለበት። የደምሴ ስም የለበትም።